ሠርገኛው ሳይመጣ በርበሬው ይቀንጠስ

መስከረም 1 ጠዋት ስልኩን የከፈተ ሰው ምን እንደሚያይ መገመት አያስቸግርም። አደይ አበባ፣ ከአበባው ሥር የድርጅት አርማ፣ ከአርማው ሥር «እንኳን አደረሳችሁ»። ባንኩም፣ ክሊኒኩም፣ ኮሌጁም፣ የመኪና ጎማ አስመጪውም ያንኑ አበባ ለጥፈዋል። አርማውን በጣት ቢሸፍኑት የማን መልእክት እንደሆነ የሚለይ የለም፤ ጣትም ስክሪኑን ገፋ ያደርግና ያልፋል። ይኸው ነገር በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀት፣ በዒድ፣ በዓድዋ ይደገማል። በመካከሉ ደግሞ የኤድስ ቀን፣ የሴቶች ቀን፣ የእጅ መታጠብ ቀን፣ የውሃ ቀን እያሉ ዓለም አቀፎቹ ይመጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ብቻውን የሚያስባቸው ዓለም አቀፍ ቀናት ከ150 በላይ ናቸው፤ ለሁሉም ፖስተር እሠራለሁ ያለ ሰው በሳምንት ሦስት ያህል ሊያወጣ ነው። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ይህንን ጉዳይ ይመለከታል፦ በየወሩ የሚመጡ በዓላትንና ታስበው የሚውሉ ቀናትን ይዞ የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት እንዴት ይታቀዳል? የጤና ጣቢያ፣ የማኅበር፣ የትምህርት ቤት ወይም የሱቅ ገጽ የምታስተዳድሩ አድማጮች ወረቀትና እስክሪብቶ ብትይዙ አይከፋም፤ አንዳንድ ቀናት እጠራለሁ።

«ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። የቀኑ ዋዜማ ሲመሽ ኃላፊው ይደውላል፤ «ነገ እንትን ቀን ነው አሉ፣ የሆነ ነገር አውጡ እንጂ» ይላል። ሠራተኛው የአምናውን ፖስተር ከፍቶ ዓመተ ምሕረቱን ይቀይራል፤ ከሥሩም «በዓለም ለዚህን ያህልኛ፣ በአገራችን ለዚህን ያህልኛ ጊዜ» የምትለዋን፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃትን ዐረፍተ ነገር ያስገባል። የዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ማቀድ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔም እስማማለሁ፤ ግን በከፊል ነው። ከሦስት ወር በፊት የታቀደ ባዶ መልእክት ያው ባዶ ነው። በርበሬው በጊዜ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተፈጭቶ ቢያድር እንኳ ሠርገኛው የሚመጣበት ሰዓት ካልታወቀ ወጡ ይቀዘቅዛል። የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፦ ቀን መቁጠሪያ ሰዎች መቼ እንደሚያወሩ ይነግረናል፤ ምክሩ መቼ እንደሚያስፈልጋቸው ግን አይነግረንም። ዕቅዱ መነሣት ያለበት ከዚህ ከሁለተኛው ነው፤ ቀኑ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ ጉዳዩን የሚያግዝ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ማስረጃ እንፈልግ ካልን ወባ ጥሩ መነሻ ናት። የዓለም የወባ ቀን ሚያዝያ 17 ይውላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ማለት ነው። ቀኑ የተመረጠው የአፍሪካ መሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ውስጥ አቡጃ ላይ ተሰብስበው ወባን ለመግታት ቃል የገቡበት ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የአፍሪካ የወባ ቀን ይባል ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ ለዓለም ሁሉ አደረገው። እንግዲህ ይህ የፊርማ መታሰቢያ ነው፤ ትንኟ ደግሞ የአቡጃን ፊርማ አታውቅም። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ያቆረ ውሃ በየሜዳው ሲቀር ይጀምርና ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ዙር አለ። ስለዚህ ሚያዝያ 17 ላይ ስለ አጎበር አምስት ፖስተር ለጥፎ በጥቅምትና በኅዳር ዝም ያለ የጤና ገጽ ዝናቡ ካባራ በኋላ ዣንጥላ እንደሚያከፋፍል ሰው ነው። በቆላ የምትኖር እናት ልጇ ሌሊት ሲያተኩሰው «ነገ አይደለም፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» የሚላት መልእክት የሚያስፈልጋት በጥቅምት ነው፤ ያን ጊዜ ገጹ ስለ ሌላ ቀን እያወራ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ፣ ለክርክሬም የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን መኖሯ የተረጋገጠው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ ዝናብ አትጠብቅም። ድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. ዝናብ በሌለባቸው ወራት በወባ ወረርሽኝ ስትመታ ተመራማሪዎች ያገኟት ይህችኑ ትንኝ ነው። እንግዲህ ለጋምቤላ የሚሠራ የመልእክት ዕቅድና ለድሬዳዋ የሚሠራ አንድ ሊሆን አይችልም። ለአንዱ «ያቆረውን ውሃ አፋስሱ» የሚባልበት ወር መስከረም ሲሆን፣ ለሌላው «በርሜላችሁን ክደኑ» የሚባለው ዓመቱን ሙሉ፣ በተለይም ቧንቧ በሚጠፋበትና ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት በጋ ነው። የዓለም አቀፉን ቀን ዝርዝር ከኢንተርኔት አውርዶ የጫነ ገጽ ይህን ልዩነት ከየት ያመጣዋል?

«እንግዲያስ ሚያዝያ 17 ይቅር ትላለህ ወይ?» የሚል ቢኖር፣ አይቅር። ቀኑ ሌላ ሰሚ አለው። የዓለም ቀን ሲደርስ ጋዜጠኛ ዜና ይፈልጋል፤ ሹም ንግግር ያደርጋል፤ ለጋሽ ድርጅት ገንዘብ የሰጠበትን ሥራ ይጠይቃል። በዚያ ቀን ሊወጣ የሚገባው መልእክት ለእናትየዋ የተጻፈ ምክር መሆን የለበትም፤ በወረዳችን ባለፈው ወቅት ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት አጎበር ደረሰ፣ ስንት ቤት ሳይረጭ ቀረ፣ ለሚመጣው መስከረም ምን ጎደለን የሚል ሒሳብ ነው። ሚያዝያ ላይ የተነገረ ጉድለት እስከ መስከረም አምስት ወር አለው፤ ለመሙላት ይበቃል። አንድ ጉዳይ ሁለት ሰሚ ካለው ሁለት ጊዜ ይኖረዋል፦ ባለሥልጣኑ የሚሰማበት ቀን፣ ቤተሰቡ የሚሰማበት ወቅት። ዕቅዳችን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሁለቱን በአንድ ፖስተር ለማዳረስ ስንሞክር ይመስለኛል፤ ፖስተሩ ለባለሥልጣኑ ፎቶ፣ ለእናትየዋ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ቀን ታስቦ መዋሉ ራሱ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም እያለ የሚቆጥር፣ ጽዋውንና ዕድሩን በቀን የሚያውቅ ሕዝብ ወርኃዊ መታሰቢያ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ለጤና ጉዳይ የተለየ ቀንም ነበረን፤ ኅዳር 12። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሰዉን እንደ ቅጠል አረገፈው፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። የኅዳር በሽታ የተባለው ያ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ሲደርስ የአዲስ አበባ ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ፖስተር የለው፣ መሪ ቃል የለው፣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ለምን? ቀኑ የሚጠይቀው ተግባር ግልጽና ትንሽ ነው፤ መጥረጊያ ያለው ሁሉ ይችለዋል። ደግሞም ይታያል፤ የጎረቤቴ ጭስ ሲነሣ የእኔ ግቢ አለመጠረጉ ያሳፍረኛል። ቀኑም ከሚካኤል በዓል ጋር ስለገጠመ ማንም አይረሳውም። ተግባር፣ ጎረቤት፣ የማይረሳ ቀን፤ ሦስቱም የገጠሙለት ዘመቻ ዛሬ በጣም ጥቂት ነው።

ግን እዚሁ ላይ የኅዳር 12ን ድክመትም ማየት አለብን። ያኔ ይቃጠል የነበረው ቅጠልና ጭድ ነው፤ ዛሬ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የመኪና ጎማ ነው፤ ጭሱም አስም ላለበት ሰው ሌላ በሽታ ሆኖበታል። ልማዱ ቆየ፣ እውቀቱ ተለወጠ። ስለዚህ ኅዳር 12ን ለመልእክት የሚመርጥ የጽዳት ወይም የጤና ገጽ ጥሩ አጋጣሚ አለው፤ ሰዉ መጥረጊያውን ይዞ ወጥቷል፣ የሚቀረው «ጥረጉ፣ ለዩ፣ አታቃጥሉ» ማለት ነው። ይህ ግን ኅዳር 12 ጠዋት ሊነገር አይችልም፤ ክብሪቱ ተጭሯል። ኅዳር 5 ላይ የሚጀምር፣ የቆሻሻ መኪና በየትኛው ሰፈር መቼ እንደሚያልፍ የሚነግር ተከታታይ መልእክት ይፈልጋል። የአምናውን ፖስተር እያደሱ መለጠፍ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ በዓሉ አንድ ሆኖ ይዘቱ ያረጃል።

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ ላንሣ። «ሰው ሁሉ ስለ አንድ ነገር በሚያወራበት ቀን መናገር ይጠቅማል፤ በሌላ ቀን ማን ይሰማል?» ይባላል። ይህ መሠረት የሌለው ክርክር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ አጫሾች ለአንድ ቀን ሲጋራ እንዲተዉ የሚጠየቁበት ዘመቻ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የበርካታ ዓመታትን መረጃ አገላብጦ በዚያ ቀን ስለ ማቆም የሚጻፈው ዜና፣ የጎግል ፍለጋና ማጨስ ለማቆም ወደሚረዳው የስልክ መስመር የሚደረገው ጥሪ ከወትሮው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቀን ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ምን ስላለው ሠራ? ከመልእክቱ ጀርባ የሚነሣ ስልክ ነበረ። ሰውየው «ላቁም» ባለበት ደቂቃ የሚደውልለት ሰው አገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት ላይ ሌላውን ገጽታ ጽፈው ነበር፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ «የግንዛቤ ቀን» የሚል ቃል ያለባቸው ከመቶ በላይ ረቂቆች ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበዋል፤ ከነዚህ ቀናት ውስጥ ውጤታቸው በወጉ የተመዘነላቸው ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ሁለቱን ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጥናቸው የሚታየው ይህ ነው፦ ቀን ትኩረት ይሰበስባል፣ ትኩረቱ የሚገባበት በር ከሌለ ግን ማታውን ይበተናል። ስለዚህ አንድን ቀን በዕቅዳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ «ይህን ያነበበ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚለው ይሁን። መልስ ከሌለ ቀኑን ለሌሎች ተዉት።

ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ እስክሪብቶ የያዛችሁ ተዘጋጁ። የእኛ አገር ገጽ አዘጋጅ ከሌላው ዓለም ባልደረባው የሚለይበት አንድ ሸክም አለው፤ በሦስት አቆጣጠር ነው የሚሠራው። እንደ መስከረም 17ና እንደ ጥር 11 ያሉት በእኛ አቆጣጠር የቆሙ ናቸው። እንደ ዓለም ኤድስ ቀን ያሉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቆሙ ናቸው። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ ስለሚሄዱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ። ፋሲካ ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ይወጣል፤ ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አይዘልም፤ በመካከሉ ባሉት 35 ቀናት ይዘዋወራል፤ ዐቢይ ጾምን፣ ዕርገትንና ጰራቅሊጦስንም አስከትሎ ይጓዛል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉትን ቁጥሮች አውጥተው የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ገና በመስከረም መባቻ ያውጃሉ። የይዘት ዕቅድ የሚባለው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በአንድ ተቀምጦ የዓመቱን መልክ ማየት ነው።

የአምናውን ዝርዝር መገልበጥ የሚያሳስትበትን አንድ ምሳሌ ልስጥ። የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን አላት። በዚህ ምክንያት የ2020 መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቆሙት ቀናት በእኛ በአንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ዘወትር ኅዳር 22 የምናውቀው የዓለም ኤድስ ቀን በ2020 ዓ.ም. ኅዳር 21 ይሆናል። ገናም በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ነው። ልዩነቱ በፌብሩዋሪ 29 ይካካስና የሴቶች ቀን እንደ ወትሮው የካቲት 29 ላይ ይውላል። በኮምፒዩተር ቀድሞ በሰዓቱ እንዲወጣ የተጫነ መልእክት ይህን አያውቅም። ዒድን በተመለከተማ ቀድሞ መጫን ጨርሶ አይመከርም፤ ጨረቃዋ ሳትታይ «ዒድ ሙባረክ» ያለ ገጽ ገና ላልተፈታ ጾም ፍቺ አወጀ ማለት ነው። መልእክቱ ይዘጋጅ፣ ቁልፉን ግን ሰው ይጫነው። ተከታዮቻችሁ ውጭ አገር ከሆኑም ሰዓቱን አስቡ፤ በገና ሰሞን ከአዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የወጣ መልእክት ዋሽንግተን ላይ እኩለ ሌሊት ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን የሚያገለግል ገጽ ደግሞ ሌላ አቆጣጠር ይጨምራል፤ ሲግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚከበር ሲሆን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል ሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው።

«በዓል መጥቶ እንኳን አደረሳችሁ አለማለት ነውር አይደለም ወይ?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ባህላችንን ይዞ ስለሚመጣ ከባድ ነው። ነውር ነው፤ ግን ልማዱን በደንብ እንየው። «እንኳን አደረሰህ» ያለ ሰው «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚል መልስ ይጠብቃል። ሰላምታው የንግግር ግማሽ ነው። በየገጹ ሥር ወርዳችሁ ብታዩ ግን ተከታዩ መልሱን ጽፎ «ነገ ክፍት ናችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጠው የለም፤ አዘጋጁ ፖስተሩን ለጥፎ ዶሮውን ሊበላ ሄዷል። በበዓል ሰሞን ሰው የሚፈልገው የታወቀ ነው፦ የትኛው ፋርማሲ ተረኛ ነው፣ የኤቲኤም ማሽኑ ብር አለው ወይ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡሱ መቼ ይነሣል፣ ሱቁ እስከ ስንት ሰዓት ይሸጣል። ሰላምታው ከእነዚህ አንዱን ይዞ ቢመጣ ማን ይጠላዋል? ሰላምታ ከተጀመረ ደግሞ ለሁሉም ይሁን። ለገና ብሎ ለአረፋ ዝም ያለ፣ ለመስቀል ብሎ ለኢሬቻና ለፍቼ ጨምበላላ የረሳ ገጽ መርሳቱን ተከታዩ ይመዘግብለታል፤ ይህ ዓይነቱ መርሳት ዓመቱን በአንድ ወረቀት ላይ ካላዩት በስተቀር አይታወቅም።

በንግዱ በኩል ያለው ስሕተት አጭር ነው፣ ውጤቱ ግን ፈጣን ነው። የፈረንጆቹን የገበያ ቀናት እንዳለ የሚገለብጥ ምግብ ቤት በኖቬምበር መጨረሻ «ብላክ ፍራይደይ» ብሎ የበርገር ዋጋ ይቀንሳል፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም መግባቱን አላሰበም። ያን ጊዜ በየገጹ የሚፈለገው የጾም በያይነቱ ነው። ሁሉም ቀን ደግሞ የደስታ ቀን አይደለም። የካቲት 12 በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች አዲስ አበባን በደም ያጠቡበት መታሰቢያ ነው፤ በዚያ ቀን የዋጋ ቅናሽ ማወጅ ስም ያጠፋል። ስቅለትም እንደዚሁ። ለእንዲህ ያሉት ቀናት ከሁሉ የተሻለው ዕቅድ አንዳንዴ ምንም አለማውጣት ነው፤ እርሱም ቢሆን ወረቀቱ ላይ «ዝም» ተብሎ መጻፍ አለበት፣ አለዚያ ማሽኑ የተጫነለትን ይለቅቃል። ድንገተኛ ኀዘን ሲመጣም ያው ነው፤ የተጫኑትን መልእክቶች የሚያስቆም፣ ስልኩ የማይዘጋ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ኢንተርኔት የተቋረጠባቸውን ጊዜያትም ስለምናስታውስ፣ በቀኑ ካልወጣ ዋጋ የሌለው መልእክት ላይ ሙሉ ጉልበትን አለማፍሰስ ብልህነት ነው።

«ይህ ሁሉ ለትልልቅ ድርጅት ነው፤ እኛ አንድ ሰው ነን፣ እርሱም መዝገብ ቤቱን ደርቦ ይሠራል» የሚሉ ይኖራሉ። የማቀርበው ሐሳብ ይበልጥ የሚመቸው ለእነርሱ ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ይቀንሳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የአሥራ ሦስት ወር መቁጠሪያ አውርዱ። መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ቀናቱን ሳታዩ ሥራችሁ የሚበረታበትን፣ ሰው በራችሁን የሚያንኳኳበትን ወራት አክብቡ። ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ምዝገባውን፣ ጤና ጣቢያ ከሆናችሁ ወባውንና ተቅማጡን፣ የእህል ነጋዴ ከሆናችሁ አጨዳውን። ከዚያ በክበቦቹ አጠገብ የሚውሉ ስድስት ወይም ስምንት ቀናት ፈልጉ፤ ሌላውን ሁሉ በድፍረት ሰርዙ። ለእያንዳንዱ ከቀኑ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ዝግጅቱን የሚነግር፣ በቀኑ ተግባሩን የሚጠይቅ፣ ከሳምንት በኋላ ምን እንደተገኘ የሚያሳውቅ መልእክት መድቡ። ሦስተኛው በብዛት ይረሳል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ገጹ የተናገረውን እንደሚከታተል ለሰዉ የሚያሳየው ያ ነው።

የደም ልገሳን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሒሳቡ ቆንጆ ስለሆነ ነው። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ይውላል፤ ጁን 14፣ የደም ዓይነቶችን የለየው የካርል ላንድሽታይነር ልደት ነው። በዚያ ቀን ካሜራ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ብዙ ሰው ክንዱን ይዘረጋል። ደም ግን እንደ ገንዘብ አይቀመጥም። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፤ ለካንሰር ሕሙማንና ብዙ ለሚደሙ ሰዎች የሚያስፈልገው ፕላትሌት አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። ሰኔ 7 የተሰበሰበው ሐምሌ ሲጋመስ አገልግሎቱ ያበቃል፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ተዘግተዋል፣ ለጋሽ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ሄደዋል። ወላድ ደግሞ በክረምትም ትደማለች። ስለዚህ ቀኑን አንድ ትልቅ ድግስ ከማድረግ ይልቅ ለጋሾቹን በየሳምንቱ ከፋፍሎ መጥራት ይሻላል፤ ሰኔ 7 ላይ የሚወጣው መልእክት «ዛሬ ኑ» ሳይሆን «የእርስዎ ሳምንት የትኛው ነው?» ቢል፣ መዝጋቢውም ስልክ ቁጥር ቢቀበል። አንድ ለጋሽ ደግሞ ደም የሚሰጠው በየሦስት ወሩ ነው። እንቁጠር፦ ሰኔ 7 የሰጠ ሰው ከሰኔ 23 ቀን ይቀረዋል፣ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፤ ዘጠናኛው ቀን መስከረም 2 ላይ ይወድቃል። የእንቁጣጣሽ ማግስት መሆኑ ነው። የአበባው ጎርፍ ትናንት አልፏል፣ ስልኩ ጸጥ ብሏል፣ ሰውየውም ቤቱ ተቀምጦ የትናንቱን ወጥ እያሞቀ ነው። የደም ባንኩ መልእክት ያን ጊዜ ይድረሰው፦ ዘጠና ቀንዎ ሞልቷል፤ ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን።